ባሕር የተሻገረ አጥሚት

አንድ ሕዝብ የእኔ ብሎ የሚመገበው ሁሉ ከገዛ አፈሩ የበቀለ ነውን? ለዚህ ጥያቄ የፊሊፒን ደሴቶች ማእድ መልስ ይሰጠናል።

ስፔን ሜክሲኮንና ፊሊፒንን በምትገዛበት ዘመን፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1565 እስከ 1815 ድረስ፥ የንግድ መርከቦች ሰላማዊውን ውቅያኖስ እያቋረጡ በሜክሲኮ ወደብ በአካፑልኮና በማኒላ መካከል ይመላለሱ ነበር። ወደ ማኒላ ብር፥ ወደ አካፑልኮ ሐር ይጭናሉ። ከብሩም ጋራ የአሜሪካ አዝርዕት ተሻገሩ፤ ስኳር ድንች ዛሬም በሁለቱም አገር «ካሞቴ» ይባላል።

ሜክሲኮዎች ከበቆሎና ከቸኮላታ የሚያፈሉት «ቻምፑራዶ» የተባለ ትኩስ አጥሚት አላቸው። ይህ አጥሚት ፊሊፒን በደረሰ ጊዜ ስሙንና ቸኮላታውን ጠብቆ በቆሎውን ተወ፤ በምትኩ የአገሩ ሩዝ ገባበትና ገንፎ ሆነ። ፊሊፒናውያንም ብዙ ጊዜ ከደረቀ ጨው ዓሣ ጋራ ለቁርስ ይበሉታል።

የታይላንድንና የኢንዶኔዢያን ወጥ የሚያቃጥለው፥ የእኛንም ድስት የሚያቀላው በርበሬ፥ በልዩ ልዩ መንገድ ቢመጣም ትውልዱ ከዚያው ከአሜሪካ ምድር ነው። እንግዲህ የአባቶቻችን ከምንለው ምግብ ብዙው አንድ ቀን እንግዳ ሆኖ እንደ ገባ ማስተዋል ይገባል። ባለ አገር ያደረገውም የተቀበለው ሰው እጅ ነው።