«ምንም አያመኝም» ለሚል ባልና ለምትሰጋ ሚስት

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ በአንድ ቤት ውስጥ የሰማሁት የባልና ሚስት ክርክር ነው። ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትጓዙ አይከልን ታገኛላችሁ። ታላቅ እኅቴ ከባለቤቷ ጋር የምትኖረው እዚያ ነው። ባለቤቷን ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ዕድሜው 68 ነው።

ጋሼ ደም ብዛት እንዳለበት ከተነገረው አራት ዓመት ሆኖታል። በእነዚህ ዓመታት ክኒኑን ሦስት ጊዜ አቁሟል። መጀመሪያ ያቆመው ደኅና ነኝ ብሎ ነው። ሁለተኛው ጊዜ ተጸልዮለት ነው። ሦስተኛውን ጊዜ ማንም አላወቀም ነበር፤ እኅቴ ካፖርቱን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ የሁለት ወር ክኒን ሳይነካ እንደ ታሸገ አገኘችው።

«ምንም አያመኝም እኮ» አላት።

«እኔንም የሚያስፈራኝ እሱ ነው» አለችው።

ከዚያ ሁለቱም እንድፈርድ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የምለው ጠፋኝ። ወደ ቤቴ ከተመለስኩ በኋላ ግን ነገሩ አላስተኛኝም፤ ሐኪሞችን ጠየቅሁ፤ አነበብኩም። ያገኘሁት መልስ ያለው ከደሙ ሳይሆን ደሙ ከሚሄድበት ቧንቧ ላይ ነው።

አንድ ጊዜ የሚሠራ ላስቲክ

ከልባችን ግራ ክፍል አኦርታ የሚባል ወፍራም የደም ቧንቧ ይወጣል። ስፋቱ የአውራ ጣት ያህል ነው። ወደ ላይ ይወጣና እንደ ከዘራ እጀታ ታጥፎ የጀርባን አጥንት ተከትሎ ይወርዳል፤ እምብርት አካባቢ ሲደርስ ለሁለት ተከፍሎ ወደ እግሮቻችን ይሄዳል። ወደ ጭንቅላትም ሆነ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም መነሻው ይኸው ቧንቧ ነው።

አኦርታ እንደ ውኃ ቱቦ ግትር አይደለም። ልብ ደም ሲረጭ ይለጠጣል፤ ልብ ሲያርፍ ደግሞ ይኮማተርና የያዘውን ደም ወደ ፊት ይገፋል። አንጥረኛ በሁለት ወናፍ ሲያናፋ አይታችሁ እንደሆነ፣ አንዱ ሲሞላ ሌላው ስለሚነፋ እሳቱ ነፋስ አያጣም። ልብና አኦርታም እንዲሁ ይቀባበላሉ፤ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል።

የዚህ ቧንቧ ግድግዳ ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በመካከሉ ኢላስቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠሩ፣ ቁጥራቸው ሃምሳ የሚያህል ስስ የላስቲክ ሽፋኖች ተደራርበው ይገኛሉ። እኔን ያስደነቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ሰውነታችን ይህን ኢላስቲን የሚሠራው በአብዛኛው በእናት ማኅፀን ሳለንና በልጅነታችን ነው። ከዚያ በኋላ የሚተካው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ቆዳ ቢቆረጥ ይሽራል፤ አጥንት ቢሰበር ይጠግናል፤ የአኦርታ ላስቲክ ሲበጠስ ግን ቦታውን የሚይዘው የማይለጠጥ ጠንካራ ክር ነው። እንግዲህ ጋሼ በ68 ዓመቱ የሚኖረው እናቱ አርግዛው ሳለች መሠራት በጀመረው ላስቲክ ነው ማለት ነው።

«ደም ብዛት» የምንለው ስም ራሱ ያሳስታል። ብዙ ሰው ደሙ የበዛ ይመስለዋል፤ ደም መለገስ የሚያድነው የሚመስለውም አለ። የበዛው ግፊቱ ነው። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ እያንዳንዱ የልብ ምት ያን ላስቲክ ከአቅሙ በላይ ይለጥጠዋል። ክሮቹ ጥቂት በጥቂት ይበጠሳሉ፤ ቧንቧው ይደድራል ወይም ይነፋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውዬው በአብዛኛው ምንም አይሰማውም። ጋሼ «አያመኝም» ሲል አልዋሸም።

አንድ ቀን የውስጠኛው ሽፋን ሊቀደድ ይችላል። ያን ጊዜ ደም በቀዳዳው ገብቶ፣ የካፖርት ገበር ከጨርቁ ተተርትሮ እንደሚለያይ፣ የግድግዳውን ሽፋኖች እየለያየ ይሄዳል። ይህ ከሚደርስባቸው ሰዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል ቀድሞውኑ ከፍተኛ የደም ግፊት የነበረባቸው ናቸው። ሕመሙ በድንገት ይጀምራል፤ ከመነሻው እጅግ የበረታ ነው፤ ደረትን ወይም በትከሻዎች መካከል ያለውን ጀርባ እንደ መቅደድ ያደርጋል። እኛ ዘንድ «ብርድ ነው»፣ «ጨጓራ ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። መቀደዱ ለልብ ቅርብ በሆነው ክፍል ከሆነና ካልታከመ ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በየሰዓቱ ከመቶ ሰዎች አንድ ወይም ሁለት ይሞታሉ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሕመም እስኪነጋ አይጠበቅም።

ይህ በሽታ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1760 የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ ዳግማዊ በድንገት ሲሞት ሐኪሙ አስከሬኑን መርምሮ አኦርታው ተቀዶ እንዳገኘው ጽፏል። ያን ጊዜ በእኛ ጎንደር ኢዮአስ ነግሦ ነበር። በሁለቱም ቤተ መንግሥት የደም ግፊት የሚለካ አልነበረም።

በዘር የሚመጣም አለ። ማርፋን በሚባለው የዘር ሕመም ላስቲኩን የሚደግፈው ፋይብሪሊን የተባለው ፕሮቲን ከመነሻው ጉድለት አለበት። የችግሩ መነሻ የሆነው ዘረ መል የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ሕመሙ ያለባቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ ረጃጅሞች፣ ክንዳቸውና ጣታቸው የተመዘዘ፣ ዓይናቸውም የሚቸገር ነው፤ ከወላጅ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ ነው። እንዲህ ባለ ቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ በተለይ ሚስት ከማርገዟ በፊት ባልና ሚስት ሐኪም ቢያማክሩ መልካም ነው፤ እርግዝናና ከወሊድ በኋላ ያሉት ሳምንታት ለተጎዳ አኦርታ ከባድ ናቸውና። እዚህም ላይ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙት የግፊት መድኃኒቶችን ነው። ሎሳርታን የተባለው ክኒን እ.ኤ.አ. በ2006 በአይጦች ላይ ሲሞከር የአኦርታን መነፋት ስለ ከለከለ ብዙዎች ተደስተው ነበር። በ2014 በወጣው የልጆችና የወጣቶች ጥናት ግን ከተለመደው አቴኖሎል አልበለጠም። ዛሬ ሁለቱም ዓይነት መድኃኒቶች ይሰጣሉ።

ጨርቅ የሰፋው ሐኪም

የተቀደደ አኦርታ በቀዶ ሕክምና ይቀየራል። ለዚህ ብዙ የደከመው አሜሪካዊው ዶክተር ማይክል ደቤኪ ነው። ልብስ መስፋትን በልጅነቱ ከእናቱ ተምሯል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ወደ ጨርቅ መደብር ሄዶ ናይለን ጠየቀ፤ ናይለን በማለቁ ዳክሮን የተባለ አዲስ ጨርቅ ሰጡት። እርሱም በቤት የስፌት መኪና ቱቦ አድርጎ ሰፋው። ቀዶ ሐኪሞች እስከ ዛሬ ለአኦርታ ምትክ ከሚያደርጓቸው ቱቦዎች ብዙዎቹ የዚያ ጨርቅ ዘሮች ናቸው። በየበረንዳው ሲንጀር ዘርግተው የሚሰፉ ወገኖቻችን ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል ብዬ አስባለሁ።

ደቤኪ በ97 ዓመቱ፣ በ2005 የመጨረሻ ቀን፣ የራሱ አኦርታ ተቀደደ። በሽታውን ከማንም በላይ ያውቀው ነበር፤ ይሁን እንጂ ለሳምንታት ሆስፒታል አልገባም አለ፤ ቀዶ ሕክምናም አልፈለገም። ራሱን በሳተ ጊዜ ሐኪሞቹ ይደረግ አይደረግ እያሉ ሲከራከሩ ባለቤቱ ካትሪን ስብሰባው ላይ ገብታ አሁኑኑ ሥሩ አለቻቸው። ሰባት ሰዓት በፈጀ ቀዶ ሕክምና ራሱ በፈለሰፈው መንገድ ታከመ። በ2008፣ መቶ ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ሲቀረው፣ አረፈ። ይህን ለእኅቴ በስልክ ስነግራት ለረጅም ጊዜ ሳቀች፤ «እዚያም አሉ በለኛ!» አለችኝ።

አይከል ያለ ሰውስ?

እንዲህ ያለው ቀዶ ሕክምና የልብንና የሳንባን ሥራ ተክቶ የሚሠራ መሣሪያ ይፈልጋል። አንዳንዴም የሰውነት ሙቀት ወደ 20 ዲግሪ ወርዶ የደም ዝውውሩ ለደቂቃዎች ይቆማል። በአገራችን የሕፃናት የልብ ሐኪም ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት ድርጅት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያሠራው የልብ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ተከፍቷል። እዚያ የሚጠብቁት ልጆች አብዛኞቹ ሲወለዱ ጀምሮ የልብ ችግር ያለባቸው ወይም ቶንሲል ባስከተለው ሕመም የልብ በራቸው የተጎዳ ናቸው፤ ወረፋውም ረጅም ነው። ሌሊት አይከል ላይ አኦርታው የተቀደደ ሰው፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን እንኳ፣ በሰዓታት ውስጥ አዲስ አበባ ይደርሳል ብዬ ላጽናናችሁ አልችልም።

በቅርባችን ያለው መለካት ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ሲጀምር ያስጨነቀው እንደ ወባ ያለው ወረርሽኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ግን በጎንደር ከተማ ዕድሜያቸው 35 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 679 ሰዎችን ለክቶ ከመቶ 28 ያህሉ ከፍተኛ ግፊት እንዳለባቸው አገኘ። ከእነዚህ መካከል ከሦስቱ አንዱ የሚበልጡት እስከዚያ ቀን አያውቁም ነበር።

ስለ ጸሎቱም ሳልናገር አላልፍም። ጌታ አይፈውስም የሚል በእኅቴ ቤት የለም፤ እርሷም አላለችም። ያኔ ያለችው «ተፈውሰህ ከሆነ መለኪያው ይመሰክራል፤ ሄደን እንለካ» ነበር። ሲለካ 178 በ104 ሆነ። በየጉባኤው «ክኒኔን ጣልሁ» የሚል ምስክርነት እንሰማለን፤ ከስድስት ወር በኋላ የሆነውን ግን መድረክ ላይ ወጥቶ የሚነግረን የለም። አንዳንዶቹ መድኃኒቶች በድንገት ሲቆሙ ግፊቱ ከቀድሞው በላይ ሊያሻቅብ እንደሚችልም ሐኪሞች ይናገራሉ። የሚያቆምም፣ የሚቀንስም ለክቶ ያዘዘው ሐኪም ቢሆን ይሻላል።

ባለፈው ወር አይከል ሄጄ ነበር። በቤታቸው ግድግዳ ላይ፣ ከቀን መቁጠሪያው አጠገብ፣ በጋሼ የአስተማሪ እጅ ጽሑፍ የተጻፈ ዝርዝር ተለጥፏል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚለካው ነው። ክኒኑ ከሽሮው ዕቃ አጠገብ ተቀምጧል፤ ሁለቱም ያዩታል። የመጨረሻው መስመር 146 በ88 ይላል። ጋሼ በጣቱ አሳየኝና «ወርዷል፤ አየህ?» አለ። እኅቴ ከጓዳ ሆና «ገና ነው!» አለች።