ሠዓሊን ያሳደገ ቤት ሥዕሉንም ይጠብቅ

የቤት ሀብት ሲቈጠር እርሻው፣ ከብቱ፣ ወርቁና ብሩ ይቈጠራል፤ ሥዕል ግን ከቍጥሩ ሳይገባ ይቀራል። ልጅ የሣለበት ወረቀት እሳት ማያያዣ ይሆናል፤ የጐልማሳው ሸራም በዕቃ ቤት ጥግ ተጣጥፎ የአይጥ ሲሳይ ይሆናል። ቤቱ የናቀውን ነገር አገር ከብዙ ዘመን በኋላ በብዙ ድካም ሲፈልገው አይተናል። ስለዚህ በዛሬው የቤተሰብ ገጻችን ብርሃንን ስለሣሉ ሰዎችና ሥራቸውን ስለሚጠብቅ ቤት ጥቂት ቃል ለክቡራንና ለክቡራት አንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን።

ከሐረር ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው የብርሃንን ጠባይ ያለ መምህር ይማራል። ቁልቢንና ጨለንቆን አልፎ ወደ ምዕራብ ሐረርጌ በገባ ጊዜ፥ በሂርና ዙሪያ ያሉት የጨርጨር ተራሮች የማለዳ ጉም ሲለብሱ አረንጓዴው ሰማያዊ መስሎ ይታየዋል። አሰበ ተፈሪ ስትባል በኖረችው በጭሮ ከተማ ሲደርስ ፀሐይ ከፍ ትልና በየተዳፋቱ ያለውን ማሽላና ቡና ለይታ ታሳያለች። ከዚያ ወደ ሚኤሶ ሲወርድ ደግሞ ጉሙ ከኋላ ይቀራል፤ ቀለም ሁሉ ይነጣል፤ የግራሩ ጥላ ብቻ ጠቍሮ ይታያል። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የምድር ባቡርም በዚሁ በሚኤሶ በኩል ወደ ባሕሩ ጠረፍ ያልፋል። እንዲህ ያለውን የብርሃን መለዋወጥ በልጅነቱ ያየ ሰው በሸመገለ ጊዜ እንኳ አይረሳውም።

ከዚሁ ከሐረር ምድር የወጡት ታላቁ ሠዓሊ አቶ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1924 ዓ.ም. በሐረር ከተማ ተወለዱ፤ ከዚህ በኋላ የምናነሣቸው ዓመታት ግን በአውሮፓ ቍጥር ናቸው። አባታቸው አለቃ ደስታ ነገዎ የቤተ ክርስቲያን ሊቅና የቅዱሳት መጻሕፍት ሥዕል አዋቂ ነበሩ። ልጁም የቀለምን አበጃጀት አስቀድሞ ያየው ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከአባቱ አጠገብ ነው። ወላጆች ይህን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን፤ አባት ልጁን ከሥራው አጠገብ ማስቀመጡ ብቻ ትልቅ ትምህርት ነውና።

አቶ ገብረ ክርስቶስ ከ1957 እስከ 1961 በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ የሥነ ጥበብ ትምህርት ከተማሩ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሩ። ሥራቸው የሰውንና የተራራን መልክ ቀድቶ የሚያሳይ ብቻ አልነበረም፤ በብዙው ሸራቸው ላይ ቀለም ራሱ ነገሩን ይናገራል። በ1963 በሣሉት «ጎልጎታ» በተባለው ሥዕል የጌታን ሕማም በቀይ ቀለም ብርታት ለተመልካች ያሳዩት በዚህ መንገድ ነው። ይህን አዲስ አሣሣል ያልለመዱ ሰዎች «የአውሮፓ ነው እንጂ የኢትዮጵያ አይደለም» እያሉ ነቀፉት። ነገር ግን በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጥበብ ሽልማት ተቀበሉ። እኛም ነቀፌታውን እንዲህ እንመልሳለን፤ የሐረርጌን ፀሐይ በልጅነት ዓይኑ ያየ ሰው ቀለሙን ከየትም አገር ቢገዛ ዓይኑን ከቤቱ ይዞ ሄዷል።

የኋላ ዘመናቸው ግን የሚያሳዝን ነው። በደርግ ዘመን ከአገራቸው ወጥተው ወደ ጀርመን፥ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ በ1981 ኦክላሆማ በሚባለው ግዛት በሎውተን ከተማ፥ ዕድሜያቸው ሃምሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፥ በስደት ዐረፉ። ሠዓሊው በሰው አገር ሲቀበሩ ሥራቸውም ተበታትኖ ቀረ።

የሠዓሊ ሥራ በአንድነት ሲጠበቅ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ስፔን አገር እንመልከት። ሆአኪን ሶሮያ የተባሉት የቫለንሲያ ተወላጅ ሠዓሊ የባሕር ዳርን ብርሃን በመሣል የታወቁ ነበሩ። በ1909 በሣሉት በአንዱ ሥዕል ባለቤታቸው ወይዘሮ ክሎቲልዴና ልጃቸው ማሪያ ነጭ ልብስ ለብሰው በባሕሩ ዳር ሲንሸራሸሩ፥ ነፋሱ ሻሻቸውን ሲያነሣው ይታያል። ሠዓሊው በ1923 በሞቱ ጊዜ ወይዘሮ ክሎቲልዴ ሥዕሎቹን ለገበያ አልበተኑም፤ በማድሪድ ያለውን ቤታቸውን ከነሥዕሉ ለመንግሥት ተናዘዙ። እርሳቸውም በ1929 ዐረፉ፤ ቤቱ በ1932 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ይህ ዓመት የእኛ 1924 ዓ.ም. ነውና፥ አቶ ገብረ ክርስቶስ በሐረር የተወለዱበት ዘመን ነው። አንዲት ሚስት ባሏ የሣለውን ብርሃን ለአገሯ ሁሉ አቈየች።

አቶ ገብረ ክርስቶስ እንዲህ ያለ ቤት አላገኙም። ሆኖም በጀርመን አገር ተጠብቀው የቆዩ ሥዕሎቻቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ2008ም በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ በስድስት ኪሎ በስማቸው የተጠራው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ። ከዕረፍታቸው እስከዚያ ቀን 27 ዓመት ነው። ሰውየው ያላገኙትን የመመለሻ መንገድ ሸራቸው አገኘ።

የጭሮና የአካባቢዋ ሰው «ይህ ነገር ለእኛ ምናችን ነው?» ቢል ምሳሌው ከደጁ ነው። አሰበ ተፈሪን ያቀኑት፥ በ1920ዎቹ የጨርጨር ገዥ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፥ የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር የደረሱ ሰው ናቸው። በእርጅናቸውም በሂርና እርሻቸው ሲኖሩ የሕይወታቸውን ታሪክ ጽፈው ትተዋል። በ1977 ከዐረፉ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ መጽሐፉ በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ማተሚያ ቤት ታትሞ ወጣ። ያ ጽሑፍ ሳይጠበቅ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናነበው ባልኖረ ነበር።

እንግዲህ ለባለቤቶችና ለእመቤቶች የምንመክረው ቀላል ነው። በቤታችሁ ሥዕል ቢኖር፥ የአባት የብራና ሥዕል ይሁን ወይም የልጅ ሥራ፥ የሣለውን ሰው ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። ሥዕሉን ከቀጥታ ፀሐይ፣ ከወጥ ቤት ጢስና ከእርጥብ ግድግዳ አርቁት፤ ብርሃንን የሣለ ቀለም ራሱ በብርሃን ይደበዝዛልና። አቧራ ቢያርፍበት በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉት። በዘይት ቀለም የተሣለውን ሸራ መጠቅለል ግድ ቢሆን ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ በወፍራም ክብ ነገር ላይ ይጠቅለል እንጂ እንደ ነጠላ አይጣጠፍ። የሥዕሉንም ፎቶግራፍ አንሡ፤ የሠዓሊውን ደብዳቤ አትቅደዱ።

በየከተማው ያሉ ሹማምንትና የትምህርት ቤት አለቆችም አንድ ደረቅ ክፍልና አንድ መልካም ግድግዳ ለአገሩ ልጆች ሥዕል ቢሰጡ ወጪው ጥቂት፥ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። ከጭሮ ወይም ከገለምሶ ተነሥቶ ለጉዳዩ አዲስ አበባ የሚሄድ አባትም ጉዳዩን ከፈጸመ በኋላ ልጁን ይዞ እስከ ስድስት ኪሎ ይዝለቅ። ልጁ በዚያ ከሸራው ፊት ቆሞ ዝም ቢል አባትየው አይቈጣው፤ የሚኤሶን ቀትርና የሂርናን ማለዳ እያስታወሰ ይሆናልና። ወደ ቤቱም ሲመለስ ወረቀትና ቀለም ቢለምን አይከልክለው፤ የሚሥለውንም ለምድጃ አይስጠው።