አየር በጆሮ በኩል ወደ ራስ ቅል ሲገባ

በጁሜይራ ባሕር የሚጠልቅ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. በዱባይ ናድ አል ሸባ በተከፈተው 60 ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ የሚወርድ፣ ወደ ቦሌም የሚበር ሰው ጆሮው ሲደፈን መላው አንድ ነው፤ አፍንጫውን ይዞ፣ አፉን ገጥሞ ይነፋል። አየሩ ከአፍንጫ ጀርባ በሚነሳው ቀጭን ቱቦ ወደ መካከለኛው ጆሮ ይገባል። እጅግ ጥቂት ሰዎች ላይ ግን እዚያ አይቆምም፤ ራስ ቅል ውስጥ ይዘልቃል።

ሐኪሞች ኒውሞሴፋለስ ይሉታል። የተለመደው መንስኤ የራስ ቅል ስብራት ወይም የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሲሆን በጆሮ በኩል የሚመጣው ብርቅ ነው። መካከለኛውን ጆሮ ከአንጎል የሚለየው አጥንት ስስ ነው። ከልደት የተሸነቆረ ሊሆን ይችላል፤ ሥር የሰደደ የጆሮ መግልም ሊበላው ይችላል። ከጆሮ ጀርባ ያለው ማስቶይድ አጥንት የአየር ኪሶቹ ከልክ በላይ ሲሰፉም ግድግዳው ይሳሳል። ያኔ ኃይለኛ ማስነጠስ ወይም መናፈጥ አየሩን ያሻግረዋል። ሽንቁሩ እንደ ጎማ ቫልቭ አስገብቶ የማያስወጣ ከሆነ፣ የተጠራቀመው አየር አንጎልን ይጫናል።

አሜሪካዊው ሐኪም ላኬት የራስ ቅሉ በተሰበረ ሰው አንጎል ውስጥ አየር መኖሩን በራጅ ያሳየው በ1913 እ.ኤ.አ. ነበር። በ1918 ሐኪሙ ዎልተር ዳንዲ የአንጎልን ክፍተቶች በራጅ ለማየት ሆን ብሎ አየር አስገባ። ዛሬ ሲቲ ስካን ጥቂት አየርንም ሆነ የአጥንቱን ሽንቁር ያሳያል።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ አንዳንዴም ጭንቅላት ውስጥ እንደ ውኃ የሚንቦጫረቅ ድምፅ ናቸው። ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ ንጹሕ ፈሳሽ ከወረደ የአንጎል ሽፋን ተቀዷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ተሕዋስያን በዚያው ገብተው ማጅራት ገትር ያስከትላሉ። ጥቂት አየር በዕረፍት፣ ራስን ከፍ አድርጎ በመተኛትና በኦክስጅን ተመጥጦ ይጠፋል። ሽንቁሩ ካልተደፈነ ወይም አየሩ አንጎልን ከተጫነ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል።

ለዱባይ ሐበሻ ትልቁ ጥያቄ በረራው ነው። ዱባይ በባሕር ጠለል ላይ ስትሆን፣ የአውሮፕላን ውስጥ የአየር ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ያለውን ያህል ይቀንሳል፤ የታፈነ አየርም በሲሶ ያህል ይለጠጣል። ለንደን የሚወርድ መንገደኛ ሲያርፍ ግፊቱ ይመለስለታል። ቦሌ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ የተለጠጠው እንደተለጠጠ ይቆያል። ስለዚህ በሽታው የተገኘበት ሰው ለአገሩ ትኬት ከመቁረጡ በፊት፣ አየሩ መጥፋቱንና ሽንቁሩ መደፈኑን በሐኪም ማረጋገጥ አለበት።