ቮልስን ለራሊ ማሰናዳት

ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ በኩል ወደ ውጫሌና መርሳ የሚወስደው መንገድ የመኪናን ድክመት ቶሎ ያጋልጣል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቃት ሐይቅ ከተማ ደግሞ 2,000 ሜትር አካባቢ። ቁልቁለቱ ፍሬን ይፈትናል፣ ዳገቱ ሞተር፣ የአምባሰል ጠመዝማዛ ደግሞ መሪና ጎማ። እንዲህ ላለ አገር አሮጌ ትንሽ መኪና ለውድድር ማሰናዳት የሚፈልግ ሰው ከቮልስ ብዙ ይማራል።

በጎረቤት ኬንያ ስሙ የገነነውን የሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1954፣ በ1957 እና በ1962 ያሸነፈው ቮልስ ነው። የ1962ቱ 1,200 ሲሲ ሞተር 34 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። ብርቱ መኪኖች በጭቃና በድንጋይ ሲሰበሩ እሱ ደረሰ። የራሊ ዝግጅት ዋና ሕግም ይኸው ነው፦ ፍጥነት ከመጨመር በፊት መኪናው ሳይሰበርና ሳይቃጠል እስከ መጨረሻው እንዲደርስ ማድረግ።

ሥራው እሳትን ከመከላከል ይጀምራል። የቮልስ ነዳጅ ታንክ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ነው፤ ነዳጁ መኪናውን አቋርጦ ይሄዳል። ሞተሩ ጋ ያለው የጎማ ቱቦ ሲያረጅ ይሰነጠቅና በጋለ ብረት ላይ ያንጠባጥባል። ስለዚህ መጀመሪያ ቱቦው ከነማሰሪያው ይቀየር። ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ የወንበሩ ሽቦ ከነካው እሳት ያስነሣል፣ መከደን አለበት። በብረት ቧንቧ የተሠራ የጣሪያ ድጋፍ፣ አራት ማሰሪያ ያለው ቀበቶና እጅ የሚደርስበት የእሳት ማጥፊያም ይጨመሩ።

ቀጥሎ ፍሬን ነው። አብዛኞቹ ቮልሶች በአራቱም እግር ታምቡር ያላቸው ናቸው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲረገጥ ታምቡሩ ይግላል፣ ሸራው መያዝ ያቅተዋል። የፍሬን ዘይቱ ይቀየር፣ ሸራው ይታደስ፣ አራቱም ጎማ እኩል መያዛቸው ይረጋገጥ። ሾፌሩም በማርሽ መውረድን ይልመድ፤ ማርሽ አውጥቶ ቁልቁለት መንዳት አደጋ ነው።

ሞተሩ ውኃ የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በአየርና በዘይት ነው። ማራገቢያውን የሚያዞረው ከዲናሞው ጋር የተያያዘው ቺንጋ ስለሆነ፣ ቺንጋው ከተበጠሰ ማቀዝቀዣም አብሮ ይቆማል። የዲናሞ መብራት በርቶ ካዩ ወዲያው ይቁሙ፤ መለዋወጫ ቺንጋም ከመኪናው አይጥፋ። በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ላሜራዎችና የጎማ መዝጊያዎች ቀዝቃዛውን አየር ከጋለው የሚለዩ ናቸው። በየጋራዡ «ትርፍ» ተብለው ሲጣሉ ሞተሩ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ከእ.ኤ.አ. 1971 ሞዴል በፊት ባሉት ሞተሮች ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ይግላል፤ የዘይት ማቀዝቀዣው የንፋሱን መንገድ ስለሚጋርድበት ነው። ሞተሩ የሚይዘው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ነው፣ እውነተኛ ፊልትሮም የለውም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ውድድር በፊት ዘይት መቀየርና የቫልቭ ክፍተት መለካት ግዴታ ነው።

ከፍታው ሌላ ፈተና ነው። 2,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ የሞተሩ ጉልበትም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ደጋ ላይ ነዳጅ ያበዛል፦ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። መፍትሔው አነስ ያለ ጂግለር ማስገባትና እሳቱን እንደገና ማስተካከል ነው።

የሞተሩ ክብደት ከኋላ መሆኑ ዳገትና ጭቃ ላይ ይጠቅማል፤ የሚገፋው ጎማ መሬቱን ይጨብጣል። ችግሩ ኩርባ ላይ ነው። በአሮጌዎቹ ቮልሶች ኩርባ ውስጥ ድንገት እግር ከነዳጅ መርገጫው ሲነሣ የኋላው ጎማ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ መኪናው ሊገለበጥ ይችላል። የኋላውን ዝቅ ማድረግ፣ ጥሩ ሾክ አብዞርበር መግጠምና ከኩርባው በፊት ፍጥነት መቀነስ ይህን ይከላከላል።

በቮልስ ዕቃ የተሠሩት የፎርሙላ ቪ ትንንሽ የውድድር መኪኖች ለብዙዎች የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ነበሩ። ኤመርሰን ፊቲፓልዲ፣ ኒኪ ላውዳና ኬኬ ሮስበርግ በእነሱ ተወዳድረው በኋላ የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮን ሆነዋል። በአነስተኛ ወጪ ትልቅ ሙያ ይገኛል ማለት ነው።

በየግቢው ቆሞ የሚዝግ ቮልስ ያላችሁ፣ ለቁራጭ ብረት ከመሸጣችሁ በፊት ለሙያ ተማሪዎችና ለወጣት መካኒኮች ስጧቸው። ያሰናዳችሁትም፣ የደሴ–ሐይቅ መንገድ የባጃጅ፣ የከብትና የተማሪ መንገድ መሆኑን አትርሱ፤ ውድድር በተዘጋና በተፈቀደ መንገድ ላይ ብቻ ይደረግ።