ለኋለኛው ሰው የሚቆረጥ ላስቲክ

አንድ ኦቶሞቢል ካለው ዕቃ አብዛኛው የተሠራው ለባለቤቱ ምቾትና ደኅንነት ነው። ሞተሩ ይወስደዋል፤ ፍሬኑ ያቆምለታል፤ መስተዋቱ ነፋስ ይጋርድለታል። ከጎማው ኋላ የሚንጠለጠለው የጭቃ መከላከያ ላስቲክ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያገለግለው ሌላውን ሰው፣ ይኸውም በኋላ የሚከተለውን ነጂና መንገድ ዳር የሚሄደውን እግረኛ ነው። ሲቀደድ ማንም ቶሎ የማያስጠግነው ምናልባት ስለዚህ ይሆናል።

በአገራችን የጠጠር መንገድ ላይ ይህ ላስቲክ የሚያግደው ነገር ቀላል አይደለም። ኃይሉን ለማወቅ ጥቂት የፊዚክስ ትምህርት ይበቃል። መሬት የነካው የጎማ ጥርስ በዚያች ቅጽበት ከመንገዱ አንጻር የቆመ ያህል ነው። ጎማው ሲዞር ግን ጥርሱ ወደ ላይ ይወነጨፋል፤ ከጎማው እምብርት ቁመት ሲደርስ ወደ ላይ የሚወጣበት ፍጥነት ከኦቶሞቢሉ ፍጥነት ጋር እኩል ይሆናል። ኦቶሞቢሉ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ ይህ በሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ነው። በዚያ ቦታ ያመለጠች ጠጠር የሚያግዳት ካጣች፣ የአየሩን ተቃውሞ ሳንቆጥር፣ 14 ሜትር ያህል ልትወጣ ትችላለች። ከዚያ ዝቅ ብላ ያመለጠችው ደግሞ ወደ ፊት የምትሄደው በዝግታ ስለሆነ፣ በኋላ የሚመጣው ኦቶሞቢል አብዛኛውን ፍጥነቱን ይዞ በመስተዋቱ ይገጥማታል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የምትመታበት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል።

ባለቤቱም ቢሆን ጥቅም አይቀርበትም። ላንድሮቨር በ1940 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948) ለሕዝብ ሲቀርብ፣ ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይታደል ስለ ነበር፣ አካሉ ከአሉሚኒየም ቅልቅል ተሠራ፤ የሚሸከመው ሻንሲ ግን ብረት ነው። አሉሚኒየሙ በጠጠር ይጎደጉዳል፤ ብረቱም እርጥብ ጭቃ ተሸክሞ ሲከርም ይዝጋል። ደኅና ላስቲክ ሁለቱንም ጉዳት ይቀንሳል።

እንግዲህ ላስቲክ ለመለወጥ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ውፍረቱን ይመልከት። ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ስስ ላስቲክ በጉዞ ላይ ነፋስ ስለሚያነሣው አያግድም፤ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ይሻላል። ስፋቱ ከጎማው ማነስ የለበትም። በብሎን ብቻ የታሰረ ላስቲክ ቀዳዳው እየሰፋ ስለሚቀደድ፣ በብሎኑና በላስቲኩ መካከል ጠፍጣፋ ብረት መደረግ አለበት።

አስቸጋሪው ርዝመቱ ነው። ላስቲኩ ረዥም ሲሆን፣ ኦቶሞቢሉ በድንጋያማ ስፍራ ወደ ኋላ ሲመለስ ጎማው ይረግጠውና ከነማሰሪያው ይነቅለዋል። ስለዚህም ብዙ ነጂዎች አሳጥረው ይቆርጡታል፤ ያን ጊዜ ጠጠሩ በሥሩ ያልፋል። የተሻለው ዘዴ ረዥም እንደ ሆነ ትቶ፣ በታችኛው ጫፍ ትንሽ ሰንሰለት ማበጀት ነው። ወደ አቀበቱና ወደ ወንዙ ሲገባ ወደ ላይ ይታሰራል፤ ወደ መንገድ ሲመለስ ይፈታል። ሥራው የሁለት ደቂቃ ነው።

ከኩሬ ወደ ጎን የሚረጨውን ውኃ ግን ማንኛውም ላስቲክ አያቆመውም። በሰኔ ጭቃ ደብተሩን አቅፎ ለሚሄደው ተማሪ መድኃኒቱ የነጂው እግር ከፍሬኑ ላይ መዋሉ ነው።

«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይባላል። ይህን ላስቲክ የምንቆርጠው ለሌላው ነው፤ ለሌላውም ሲቆርጡ አለማሳነስ ከጨዋ ነጂ የሚጠበቅ ነው።