በጋራ ስለሚሠራባቸው የተኩስ ዒላማዎች አጠባበቅ

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ከቢሮ ሥራ እጅግ የራቀ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ጥቂት ብትታገሡን፣ በየመሥሪያ ቤታችን ካለው የጋራ ዕቃ ጋራ ምን ያህል እንደሚቀራረብ ራሳችሁ ትፈርዳላችሁ። ጉዳዩም በሕዝብ የተኩስ መለማመጃ ሜዳ ላይ በሚተከሉት ዒላማዎችና መስቀያዎች ላይ፣ ሆን ተብሎም ሆነ በግድየለሽነት ስለሚደርሰው ጉዳት ነው።

«ዒላማ የሚሠራው ሊመታ አይደለምን? ታዲያ ተመታ ብሎ ማዘን ከየት መጣ?» የሚል ጠያቂ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ዒላማ የምንለው ነገር ሁለት ክፍል ያለው መሆኑ ነው። ወረቀቱ ወይም የብረቱ ፊት ሊመታ የተሠራ ነው፤ እርሱን የተሸከሙት ቋሚዎች፣ ማሠሪያዎች፣ ብሎኖችና ሰንሰለቶች ግን እንዳይመቱ ሆነው ሊኖሩ የሚገባቸው ናቸው። ጥፋቱ የሚበዛው በዚህ በሁለተኛው ክፍል ላይ ነው።

ከቀላሉ እንነሣ። የወረቀት ዒላማ የሚለጠፈው ብዙውን ጊዜ በሁለት ቀጫጭን የእንጨት ቋሚዎች መካከል ነው። ወረቀቱን ወደ አንዱ ጠርዝ አስጠግቶ የሚሰቅል ሰው፣ ጥይቱ ጥቂት ዘንበል ባለ ቍጥር ቋሚውን ይመታዋል፤ እንጨቱም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተበልቶ ይሰበራል። ወረቀቱን በመካከል መስቀል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከፍታውም ቢሆን እንደ ተገኘ የሚደረግ አይደለም። ከዒላማው ጀርባ የተከመረው የአፈር ጉብታ ጥይቱን ውጦ እንዲያስቀር፣ ወረቀቱ ከተኳሹ ዐይን እስከ ጉብታው መካከል በሚሄደው መሥመር ላይ መዋል አለበት። ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ጥይቱ መሬቱን ነክቶ ይነጥራል፤ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ጉብታውን አልፎ ማን ወዳለበት እንደሚሄድ አይታወቅም።

የብረቱ ነገር ግን ሰፋ አድርገን ልንናገርበት የሚገባ ነው፤ የሰው ዐይን የሚጠፋው በእርሱ ሰበብ ነውና። ለዒላማ የሚመረጠው ብረት በሙቀት የጠነከረ፣ በብሪኔል መለኪያ ወደ 500 የሚጠጋ ጥንካሬ ያለው ነው። ተራው የግንባታ ብረት የዚህን ሩብ ያህል ብቻ ይጠነክራል። የእርሳስ ጥይት ጠንካራና ለስላሳ በሆነ የብረት ፊት ላይ ባረፈ ጊዜ ይደቅቃል፤ ፍንጣሪውም እንደ ውሃ ጠብታ በብረቱ ፊት ላይ ወደ ዙሪያው ይረጫል እንጂ ወደ ተኳሹ አይመለስም። ብረቱ ጥቂት ወደ ፊት አዘንብሎ የተሰቀለ እንደ ሆነ ደግሞ አብዛኛው ወደ መሬት ይወርዳል። በብረቱ ላይ ጉድጓድ ካለበት ግን ፍንጣሪው የጉድጓዱን ግድግዳ ተከትሎ ወደ መጣበት ይመለሳል። እንግዲህ አንዱ ሰው ዛሬ ያበላሸው ብረት፣ ነገ ምንም ያላጠፋውን ሌላውን ሰው ያቈስላል ማለት ነው።

ይህን ጉድጓድ የሚያመጣው ምንድር ነው? አንደኛው በውስጡ ጠንካራ ብረት ያለበት ጥይት ነው። ሁለተኛው ፍጥነት ነው፤ በሴኮንድ ከ900 ሜትር በላይ እየበረረ የሚደርስ የጠመንጃ ጥይት የጠነከረውንም ብረት ይቦረቡረዋል። ስለዚህ በሽጉጥ ከ9 ሜትር፣ በጠመንጃ ከ90 ሜትር ባነሰ ርቀት ብረት ላይ አይተኰስም የሚባለው ልማድ ከንቱ ጥንቃቄ አይደለም። ለሽጉጥ በተሰቀለ ብረት ላይ በጠመንጃ የሚተኵስ ሰው፣ የጋራውን ዕቃ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊጨርሰው ይችላል። ተበላሽቶ የተገኘውንም ብረት «በብየዳ እንጠግነው» ማለት ራሱ ሌላ ጥፋት ነው፤ የብየዳው እሳት በዙሪያው ያለውን ጥንካሬ ያለሰልሰዋልና። ከበጎ አሳብ የሚመጣ ጥፋት ከክፉ አሳብ ከሚመጣው ባያንስም አይደንቅም።

አሁን ወደ ሰዎቹ ጠባይ እንመለስ። በአሜሪካ አገር በየክፍለ ግዛቱ ጠባቂ የሌላቸው፣ በነጻ ወይም በትንሽ ዋጋ የሚገባባቸው አያሌ የሕዝብ ተኩስ ሜዳዎች አሉ። ለእነዚህ ሜዳዎች የሚውለው ገንዘብ በከፊል የሚገኘው ከተኳሾቹ ኪስ ነው። በ1937 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) የወጣው የፒትማንና የሮበርትሰን ሕግ ከጠመንጃና ከጥይት ላይ የሚሰበሰበውን 11 ከመቶ ቀረጥ ለዱር አራዊት ጥበቃ እንዲውል አደረገ፤ ኋላም ለተኩስ ሜዳ ተፈቀደ። በ2019 የወጣው ሕግ ደግሞ የሜዳ ማሠሪያውን ወጪ እስከ 90 ከመቶ ድረስ ከዚሁ ገንዘብ መሸፈን እንዲቻል አደረገ። ይህ ሁሉ እያለ፣ ጠባቂ በሌለበት ሜዳ ላይ ቋሚዎች በጥይት ተቈርጠው ይወድቃሉ፤ የተበላሸ ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣ እየተጎተተ መጥቶ ይመታል፤ ጠርሙስ ተሰብሮ ሣሩን ይሞላዋል። የሚያስቀውም ነገር፣ «ሰሌዳ አትምቱ» ብሎ የሚያስጠነቅቀው ሰሌዳ ራሱ ወንፊት ሆኖ መገኘቱ ነው። ጥፋቱ በበዛበት ስፍራም አስተዳዳሪዎቹ ሜዳውን ይዘጉታል። የሚጎዳውም አጥፊው ሳይሆን፣ ሌላ መለማመጃ የሌለው ጨዋ ሰው ነው።

ከዚህ የሚለይ ልማድ በእንግሊዝ አገር እናያለን። የጠመንጃ ማኅበሩ በ1859 ተቋቍሞ፣ በሚቀጥለው ዓመት በዊምብልደን ባደረገው ውድድር የመጀመሪያውን ጥይት ንግሥት ቪክቶሪያ ተኰሱ። (ጠመንጃው በማቆሚያ ላይ ታስሮ አስቀድሞ የተስተካከለ ስለ ነበር፣ ንግሥቲቱ በ400 ያርድ መሐሉን ቢመቱ አያስገርምም።) ማኅበሩ በ1890 ወደ ቢዝሊ ተዛወረ። በዚያም ዒላማው በክፈፍ ላይ በተወጠረ ሸራ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ነው። ከመከላከያው ግንብ በስተ ጀርባ ጉድጓድ ውስጥ የሚቀመጠው ምልክት ሰጪ፣ ጥይቱ ባለፈ ጊዜ ክፈፉን ወደ ታች ስቦ ቀዳዳውን በወረቀት ይደፍናል፤ ያረፈበትንም ስፍራ አመልክቶ መልሶ ያወጣዋል። ሰውዬውና መሣሪያው ሁሉ ከግንቡ በታች ናቸው፤ ብቅ የሚለው ሊመታ የሚገባው ብቻ ነው።

በስዊስ አገር ደግሞ የጦር መሣሪያ የያዘ ወታደር በየዓመቱ በ300 ሜትር ርቀት 20 ጥይት የመተኰስ ግዴታ ስላለበት፣ ሜዳውን የማዘጋጀት ኀላፊነት በየቀበሌው አስተዳደር ላይ ነው፤ ተኩሱን የሚመሩትም የየአካባቢው የተኳሾች ማኅበራት ናቸው። ዛሬ በብዙው ሜዳ ያለው ዒላማ የጥይቱን ድምፅ በማይክሮፎን እያዳመጠ ያረፈበትን ስፍራ የሚያሰላ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ ያለ ባለቤት መተው አይቻልም፤ ማኅበርተኛው እርስ በርሱ ይተዋወቃል፣ ያበላሸውም ሰው በስሙ ይጠየቃል። በእኛ አስተያየት ከመቀጫ ሰሌዳ ይልቅ የሚሠራው ይህ መተዋወቅ ነው። «ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ሎሚ እንኳ፣ ሃምሳው ሰው ማን ማን እንደ ሆነ ካልታወቀ መንገድ ላይ ተበትኖ ይቀራል። በየመሥሪያ ቤቱ ያለውን የፎቶ ኮፒ መኪና ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ከዚህ በቀር በአሠራር የሚገኝ መፍትሔ አለ። ብረቱን በሰንሰለት ፋንታ ካረጀ የእሳት አደጋ ቱቦ በተቈረጠ ጠፍር መስቀል ጥሩ ነው፤ ጥይት ቢበሳው ቱቦው እንደ ሰንሰለት ፍንጣሪ አይረጭም፣ ለመለወጥም ርካሽ ነው። የቋሚውን እግር በአፈር ወይም በአሸዋ ከረጢት መሸፈን፣ ትርፍ እንጨትና መለጠፊያ በቅርብ ማኖር፣ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ በርሚል ማስቀመጥም ብዙ ጥፋት ያስቀራል። ወረቀት የሚለጥፍበት ያጣ ሰው ሰሌዳውን ቢጠቀም ግማሹ ጥፋት የአዘጋጁ ነው።

ኀላፊው ተኩስ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱን ብረት ቀርቦ በእጁ ይዳስሰው። ጉድጓድ፣ ስንጥቅ ወይም ጉብጠት ያገኘበትን አውርዶ ቀኑንና ምክንያቱን በመዝገብ ይጻፍ። የወረደውንም ብረት ከሜዳው አውጥቶ መጋዘን ያስገባው፤ ጉብታው ሥር አስደግፎ ከተወው፣ ነገ ማለዳ የመጣው ሰው ዒላማ ነው ብሎ ይተኵስበታል።