ጉቶው እንዲያቆጠቁጥ ዕቅዱ ከቀበሌ ይጀመር

ከሆሣዕና ወደ ዱራሜ የሚጓዝ ሰው በየጓሮው እንሰት፣ በየድንበሩ ባሕር ዛፍ ያያል። ይሁንና ከተሞቹ እያደጉ ሲሄዱ ማገዶና ከሰል ፈላጊው ይበዛል፤ በዚያው ልክ የዳገቱ ዛፍ ይመነጠራል፣ አፈሩም በጎርፍ ይታጠባል።

በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአገሪቱ የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ ኢትዮጵያ ወደ አየር ከምትለቀው ሙቀት አማቂ ጋዝ ከመቶ 85 ያህሉ ከእርሻ፣ ከከብት እርባታና ከደን መመናመን የሚመጣ መሆኑን ያመለክታል። ስለሆነም የሐድያና የከምባታ ዞኖች የልማት ዕቅድ ከፋብሪካ ጭስ ይልቅ በመጀመሪያ የሚመለከተው የገበሬውን መሬት ነው።

ለዚህ ዓይነተኛ ትምህርት የሚሆነው በአጎራባቹ ወላይታ የሚገኘው የሁምቦ ተራራ ነው። በ1999 ዓ.ም. ገደማ በወርልድ ቪዥንና በዓለም ባንክ ድጋፍ 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት ከልቅ ግጦሽ ተከለለ። ሥራው በአብዛኛው አዲስ ችግኝ መትከል አልነበረም። በመሬት ውስጥ ሕይወት የነበረው የአገር በቀል ዛፍ ጉቶ ሲያቆጠቁጥ ጠንካራው ቡቃያ ተመርጦ ይቀራል፣ ሌላው ይመለመላል። ምልምሉም ለማገዶ ይውላል።

ገበሬው በመጀመሪያ መሬቱ የሚወሰድበት መስሎት ሠግቶ ነበር። ሥጋቱ የቀለለው ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው በደኑ የመጠቀም መብታቸው በሕግ ሲረጋገጥ ነው። ፕሮጀክቱ በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት አሠራር ተመዘገበ፤ በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያም ዛፎቹ ከአየር ለሳቡት ከ73 ሺህ ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማረጋገጫ ተሰጠው።

እዚህ ላይ የማኅበራት መሪዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ከከለላው እስከ ማረጋገጫው አራት ዓመት ገደማ አልፏል። ከብቱ ግን አራት ዓመት ሳይበላ አይጠብቅም። በመሆኑም ለአባላት የካርቦን ገንዘብን ብቻ ተስፋ መስጠት ቅሬታን ያስከትላል። ገበሬውን በመካከሉ የሚያቆየው ከክልሉ ታጭዶ የሚወሰደው ሣርና ከምልመላው የሚገኘው ማገዶ ነው።

እንግዲህ ዳገት ከመከለሉ በፊት ሦስት ነገሮች በጠቅላላ ጉባዔ ቢወሰኑ ይበጃል። አንደኛ፣ መሬቱ የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይረጋገጥ። ሁለተኛ፣ ሣሩ ከብት ለሌላቸውና በሴቶች ለሚተዳደሩ ቤተሰቦች ጭምር እንዴት እንደሚከፋፈል በመተዳደሪያ ደንብ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ከከለላው ጋር አብሮ ይሠራጭ፤ አለዚያ የአንዱ ዳገት ምንጣሮ ወደ ሌላው ይዛወራል።